ዘጠና ቀን ሳይነካ

እትዬ ተሾመች፣ የኬሚስትሪ ክፍል ባልደረቦቼ፣ ከሺሺንዳ ድረስ የመጣችሁ ቤተሰቦቻቸው፣ ወደዚህ የጡረታ መሸኛ እንኳን ደህና መጣችሁ። አሳጥረህ ተናገር ተብያለሁ። ማን እንዳለኝ ታውቃላችሁ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ነው። ዝናብ እየጣለ አንዲት ሴት ጥቁር ጃንጥላና ማዳበሪያ ሙሉ ባዶ ብልቃጥ ይዘው ላብራቶሪው በር ላይ ቆሙ። የልጃቸውን ውጤት ሊጠይቁ የመጡ ወላጅ መሰሉኝ። «እናቴ፣ ሬጅስትራር ታች ነው» አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «እኔ ከውሃ ቢሮ ተዛውሬ ላብራቶሪውን ልረከብ ነው የመጣሁት። አንተስ? አስተማሪህ አልመጣም እንዴ?» አሉኝ። አስተማሪው እኔ ነበርኩ! ቦንጋ ከተመደብኩ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ላብራቶሪው የእሳቸው ቤት፣ እኛ እንግዶች ሆንን። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። ብልቃጡ ሁሉ ፕላስተር ተለጥፎበት በእጃቸው ተጽፎበታል። ቢከር የሰበረ ሰው በሩ ጀርባ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ምሕረት የለም። ዲናችን ሁለት ጊዜ አሉበት። አይሳቁ እንጂ ዲን፣ ሦስተኛውን ሲሰብሩ አይቻለሁ። ዝም ያልኩት ለእድገቴ ብዬ ነው።

ማስረዳት ሲሆን ደግሞ ከኔ ይበልጣሉ። ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል፣ ብርቅዬ የምድር ማዕድናት ከሚሏቸው ወገን የሆነ ዱቄት አለ። እኛ የምንለፋው ዓይን በማያየው ቅንጣት ውሃ ውስጥ በትነነው ሳይዘቅጥ እንዲቆይ ነው። እኔ ሰሌዳ ሙሉ እጽፋለሁ፤ ተማሪው ያፈጥብኛል። እሳቸው ከኋላ «ቡላ ታውቃላችሁ አይደል? የእንሰቱ ጭማቂ ሲያድር ነጩ ታች ይወርዳል። እኛ ደግሞ አትውረድ እያልነው ነው» ይላሉ። አለቀ። ሰሌዳዬን አጠፋለሁ።

አሁን የምናገረውን ግን ከእትዬ በቀር እዚህ ያለ ሰው አያውቀውም። እትዬ፣ ይፍቀዱልኝ።

የዛሬ አምስት ዓመት ያ ዱቄት የተበተነበትን ውሃ በስድስት ብልቃጥ ሞልቼ መስኮቱ አጠገብ ደረደርኩ። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ እየመጣሁ አያለሁ፤ ውሃው እንደ አጓት እንደደፈረሰ ነው። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ አልወረደም! በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ተባባሪ ፕሮፌሰርነቴን ልጠይቅበት ጽሑፉን ጨረስኩ። ከመላኬ በፊት ለክፍላችን አቀረብኩት፤ በፕሮጀክተሩ «ዘጠና ቀን ሳይነካ» የሚል ትልቅ ርዕስ አበራሁ።

ስብሰባው እንዳለቀ እትዬ ቢሮዬ ገብተው በሩን ዘጉ።

«ሳይነካ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት አቧራውን ስጠርግ ነቅነቅ አደርጋቸዋለሁ። የልጅ ሽሮፕ እንኳ ሳይነቀነቅ አይሰጥም ብዬ።»

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም። ምን እንዳልኳቸው ልንገራችሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። «ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?» አልኳቸው። «የለም» አሉኝ። «እንግዲያው በእኛው መካከል ይቅር፣ እትዬ። ማንም አይጠይቀንም» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «በሚቀጥለው ዓመት ተማሪህ ሩሀማ ይህን ሥራ ትደግመዋለች» አሉኝ። «በእሷ እጅ ይወርዳል። የኔ ጥፋት ነው ብላ ታለቅሳለች። ያኔ ማን ይነግራታል? እኔ ያን እያየሁ ይህን በር አልከፍትም።»

ሩሀማ፣ ይኸው ዛሬ ሰማሽ። ይቅር በይኝ።

ጽሑፉን ተውኩት፤ ቁልፉንም ለምኜ መለስኩላቸው። ስድስቱን ብልቃጥ እንደገና ሞላን። እትዬ በገዛ እጃቸው «አይነካ» ብለው ጻፉባቸው። አቧራው ሲከመርባቸው እያዩ ዝም ለማለት ምን ያህል እንደተቸገሩ እኔ ነኝ የማውቀው። በአሥራ አንደኛው ቀን ወረደ። በኋላ ሩሀማ ሲትሪክ አሲድ ጨምራበት ሠራችው፤ አርባ አንድ ቀን ቆየ። ዘጠና አይደለም፣ አርባ አንድ ነው። ግን ማንም ቢደግመው አርባ አንድ ነው። የታተመው ጽሑፍ ላይ ሦስት ስም አለ፤ አንዱ የእርስዎ ነው።

እትዬ፣ የዚህን አገር ቡናና ማር የሚያመሰግን ሞልቷል። እኔ ከደብረ ብርሃን መጥቼ ያገኘሁት እርስዎን ነው። ጥፋቱን የሚደብቅ ብዙ አይቻለሁ፤ ራሴም አንዱ ልሆን ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው መጥተው የተናገሩ ግን እርስዎን ብቻ ነው የማውቀው። ከልቤ አመሰግናለሁ።

ጋቢውን ባልደረቦቻችን አልብሰውዎታል። ይህ ደግሞ የኔ ነው። ከስድስቱ አንዱ ብልቃጥ ነው፤ አፉ በደንብ ታሽጓል። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አልነቀነቀው፤ ነጩ ታች ተኝቷል። እዚህ ሳመጣውም እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ነው። «አይነካ» የሚለውን ፕላስተር ዛሬ ጠዋት ላጥኩት።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ። ብርዝ ያልደረሰው አለ? ለእትዬ ተሾመች! ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ የሺሺንዳው ደጅዎ በልጅ ልጅ ይሙላ። ስንናፍቅዎ እንመጣለን፤ እርስዎም ያንን በሩ ጀርባ ያለውን ወረቀት ሊቆጣጠሩ ብቅ ይበሉ።

እንግዲህ እትዬ፣ ከመጠጣታችን በፊት ብልቃጡን ይነቅንቁት።