መነጽሩን ማን መረጠልህ?

— ሄሎ? … ሄሎ! … ቆይ አንዴ፣ አይሰማኝም። እትዬ፣ የስፌት መኪናዎን አንዴ ያቁሙልኝ፣ ልጄ ነው! … እ፣ አሁን ተሰማኸኝ። ደህና ነህ የኔ ጌታ? … እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ስፌት ላይ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ጉድ አድርጎናል፣ እኔና እትዬ ከጠዋት ጀምሮ ኮሌታ ብቻ ስንሰፋ ነው የዋልነው። … አንተ ግን ምነው በሥራ ሰዓት? … አስፈቅደህ ወጣህ? ወዴት? …

የት አልክ? … መነጽር ቤት?

ምነው፣ ተሰበረ እንዴ? … አልተሰበረም? ታዲያ መነጽር ቤት ምን ትሠራለህ? … ለሳይክሉ። … አሃ፣ ለተራራው ሳይክል ደግሞ ሌላ መነጽር ያስፈልገዋል። … እሺ፣ ጠብቀኝ፤ ይቺን ኮሌታ ልግጠምና መጣሁ። የትኛው ጋ ነህ? … ለምን አልመጣም? … አልደክምም፣ ማን ደከመኝ አለህ? …

ከማን ጋር ነህ?

… አሃ።

… አይ፣ ምንም አላልኩም። «አሃ» ነው ያልኩት። ሰው በገዛ ስልኩ «አሃ» ማለት አይችልም? … አስተማሪዋ ናታ! … ስም እንዳላት አውቃለሁ። የስፖርት አስተማሪ አይደለችም እንዴ? ታዲያ አስተማሪ ማለት ስድብ ነው?

ስማኝ እስቲ። መነጽር ማድረግ ከጀመርክ ወዲህ ያለ እኔ ገዝተህ ታውቃለህ? … አንድ ቀን! አንድ ቀን ጥቀስልኝ! … ትልቅ ሰው እንደሆንክ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የወለድኩህ። … እትዬ፣ አይሳቁ እንጂ! ያለ እኔ መነጽር ሊገዛ ነው። … ማንም አይደለም፣ እትዬ ናቸው፤ ሰላም በይልኝ ብለውሃል።

እና መነጽሩን ማን መረጠልህ? … ምን ዓይነት ነው አላልኩህም፣ ማን መረጠልህ ነው ያልኩት። … እሷ። እሰይ። እልል በሉ።

… አልተቆጣሁም። አስረዳኝ፣ ልስማው። … ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል። … ጥላ ሲገባ ይነጣል። በራሱ? ማንም ሳይነካው? … ጉድ በል! ታዲያ እንዴት አየኸው፣ ሱቅ ውስጥ ፀሐይ አለ እንዴ? … ባለሱቁ ሰማያዊ መብራት አበራበት። ምን ያደርጋል መብራት! እኔ ጨርቅ ስገዛ ቀለሙን ሱቅ ውስጥ አይቼ አላውቅም፣ ደጅ አውጥቼ ነው። ደጅ ውጣና አድርገው። … ውጣ አልኩህ! ባለሱቁ ሌባ ነው አይልህም። … ወጣህ? … ጠቆረ? … ቶሎ! ወዲያው? … አሁን ተመልሰህ ግባ። ገባህ? … ገና ነው? … አሁንም? … አየህ፣ ሲጠቁር ይቸኩላል፣ ሲነጣ ይለግማል። ማን ነው አጠገብህ የሚቆጥረው? … ትቁጠር፣ ትቁጠር። ሥራዋ አይደል።

ቆይ፣ ለምን ሁለት አትገዛም? አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ። ፀሐይ ሲሆን አንዱን፣ ደመና ሲሆን አንዱን። … እየወረዱ መቀየር አይቻልም። … ታዲያ ቆም ብለህ ቀይራ! … «እማዬ፣ ቁልቁለት ላይ አይቆምም።» ሰማኸው የተናገርከውን? ራስህ ነህ ያልከው! የማይቆም ነገር ላይ ነው የምትወጣው! … ፍሬን እንዳለው አውቃለሁ፣ እሱን አይደለም የምልህ።

ጌታው፣ ይግቡ፣ ይግቡ። የሱሪዎ ዚፕ ገብቷል፣ ካውያ ብቻ ነው የቀረው፤ ይቀመጡ። … አይ፣ ላንተ አይደለም፣ ደንበኛ ነው። ቀጥል።

ሁለት ዓይነት አለ? … አንደኛው ቤት ውስጥም ጠቆር ያለ ነው፤ ሌላው ጭራሽ ውሃ ነው የሚመስለው። … እና ምን ያከራክራል፣ ጠቆር ያለውን ውሰደዋ! እሱ ነው የሚሄድልህ። ፊትህ ክብ ነው፣ እኔ መቼም ከጠቆር ያለ ሌላ መርጬልህ አላውቅም። … እሷ ውሃውን አለች። … ድንቄም! ለምን?

… ዛፉ ውስጥ። … ከሜዳው ፀሐይ ተነስታችሁ ጫካው ውስጥ ስትገቡ። … እሺ። … ከመጀመሪያውም የጠቆረ ከሆነ ምንም ቢነጣ ጥላ ውስጥ እንደጠቆረ ነው። … ገባኝ፣ ገባኝ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን ትንሽ ቢጨልምብህስ? አንተ ጨለማ መቼ …

ምን አልክ?

ድገመው። … ጫካው ውስጥ ስትገባ ለትንሽ ጊዜ ምንም አይታይህም? … ምንም? … ከመቼ ጀምሮ? … ለምን ለእኔ አልነገርከኝም? … እንዳልጨነቅ። እና ይኸው አሁን አልተጨነቅኩም! … ለእሷ ግን ነገርካት። … አልነገርካትም? … ታዲያ በምን አወቀች?

… አይታ ነው።

… እሺ፣ ቀጥል። … ከኋላህ እየነዳች፣ ዛፉ ጋ ስትደርስ ትከሻህ ሲደነግጥ አየች። … በሌላ ቀንም አየች፣ ከዚያ ጠየቀችህ። … እኔስ የት ነበርኩ? … ሳይክል ላይ እንዳልነበርኩማ አውቃለሁ!

ቆይ። ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ያ ክርንህስ? ተልጦ የመጣኸው? … በር ነው የመታኝ አላልከኝም? … እየጠየቅኩህ ነው። በሩ ስንት ጎማ ነበረው?

… ወደቅክ። … እዚያው ዛፉ ጋ። … እኔ ደግሞ ማታ ማታ ቅባት እየቀባሁህ በሩን ስረግም! አናጢ ጠርቼ ጠርዙን አስላግኩት እኮ! ሰውየው «እማማ፣ ይሄ በር ሰው አይልጥም» እያለኝ! … አይሳቅም! … እትዬ፣ ሰሙ? ክርኑን በር አይደለም የመታው። … ጠርጥረው ነበር? ታዲያ አይነግሩኝም? ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው!

«በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ፣ ገደሉን ሳታይ» ይላሉ። አንተማ ሣሩንም ገደሉንም አላየህ፣ እሷን ብቻ ነው ያየኸው።

… ምን? ቅናት? ማ፣ እኔ? … አዎ! አዎ፣ ቀናሁ! ምን ታመጣለህ? የዓይንህን ነገር ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር? በየጠዋቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ቁርስህን ትበላለህ፣ ፊትህን እያየሁ ነው ሻይ የምቀዳልህ። እኔ ፊትህን እያየሁ ያላወቅኩትን አንዲት ልጅ ጀርባህን አይታ ታውቀው? … ያቃጥላል። አንጀቴን ነው ያቃጠለው። … እሷ ምንም አላጠፋችም፣ አውቃለሁ። እሱ ነው የባሰው፤ ብታጠፋ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። … አልጠላኋትም! ደስ አላለችኝም ነው ያልኩት፣ እሱም ቢሆን ዛሬ ነው። ነገ አላውቅም።

… በቃ ግዛው። ውሃ የሚመስለውን። … ልቤ ነው የሚናገረው፣ ግዛው አልኩህ። ልክ ናት፣ ምን ላድርግ። … የሳይክሉ ጉዞ ቅዳሜ ነው? … ታዲያ መርጣችሁ ከጨረሳችሁ እኔን ለምን ደወልክልኝ? ለምርቃት?

… ይንጋደዳል? … እንዴት ነው የሚንጋደደው? … ስታደርገው በአንድ በኩል ወረድ ይልብሃል። … ሌላ አላመጣም? … አምጥቶ እሱም ያው። ስንተኛው ነው? … አራት! ባለሱቁ ምን ይላል? … ፍሬሞቹ ናቸው ይላል። ከፋብሪካው ነው ይላል። … እሷስ? እሷ ምን ትላለች?

… እሷም አልገባትም?

… አልሳቅኩም። ሳል ነው። … አልሳቅኩም አልኩህ! የጨርቅ ብናኝ ነው።

እና እንዳለ ብታደርገውስ? … ሳይክሉ ሲነጥርብህ ወደ አፍንጫህ ይንሸራተታል። … እጅህን ከመሪው ማንሳት አትችልም። … የወደቅክ ቀንም ከጨለማው ሌላ፣ አሮጌው መነጽር ላልቶ መንሸራተቱ ነበር። …

… አለሁ። እያሰብኩ ነው። … ካልሆነ ያለ መነጽሩ እሄዳለሁ አልክ? ምን ማለትህ ነው ያለ መነጽሩ? … ዝም በል፣ ሰማሁ።

… ለእሷ ስጣት። … ስልኩን ነዋ! … ምን ቆርጦኝ እሰድባታለሁ? ሁለት ቃል ነው። በሞቴ፣ ስጣት።

ሄሎ። … ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ? … ተይ «እማማ» አትበይኝ፣ ገና ክር በመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር ነው የማሾልከው። … አይ፣ አልተቀየምኩም። ስሚ፣ አጠገብሽ ነው? … ራቅ በይ። ደጅ ውጪ። እኔም ወደ ጨርቅ ማስቀመጫው ልግባ፣ እዚህ ቤት ጆሮ በዝቷል። እትዬ፣ ደንበኛውን ይዩልኝ፣ መጣሁ!

… ወጣሽ? አይሰማሽም? … በመስታወቱ ይታይሻል? ምን እያደረገ ነው? … እየሞከረ። አገጩን ቀና አድርጎ? … አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ከልጅነቱ።

… ፍሬሙ ምንም አልሆነም። አራቱም ደህና ናቸው። … ስነግርሽ አትዙሪ፣ ወደ እሱ አትዪ። የልጄ የግራ ጆሮ ከቀኙ ዝቅ ይላል። … ብዙ አይደለም። የሸሚዝ ቁልፍ ውፍረት ያህል ነው። አይታይም፤ አሁን ነግሬሽ እንኳ ብትፈልጊው አታገኚውም። ግን መነጽር ያውቀዋል። … ባለሱቁን የግራውን ዘንግ፣ ጆሮው ላይ የሚያርፈውን፣ ጫፉን ትንሽ ወደ ታች ያጉብጠው በይው። ውስጡ ሽቦ አለው? … ካለው በእጁ ይታጠፋል። ከሌለው ማሞቅ አለበት፤ ቀዝቃዛውን ከነካው ጧ ነው የሚለው። ትንሽ አጉብጦ ፊቱ ላይ ይለካው፣ እንደገና ትንሽ። በአንዴ አይሆንም። … አዎ። በቃ ይኸው ነው።

… አያውቅም። እሱ አያውቅም። … ልጅ እያለ በመነጽሩ እያሾፉ አስለቅሰውት ሲመጣ፣ ጆሮውንም ልጨምርበት? «መነጽሩ ነው የተንጋደደው» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ቀድሜ እገባና ለመነጽር ሠሪው ለሽማግሌው ሹክ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ያስተካክሉታል። እሳቸው ባለፈው ክረምት አረፉ። ከዚያ በኋላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። … ነበርኩ።

… አሁንማ ትልቅ ሰው ነው፣ ቢያውቅም ይስቃል እንጂ ምን ይሆናል። ለእሱ ብዬ አይደለም እስከ ዛሬ የያዝኩት። የእኔ ስለሆነች ነው። ገባሽ? ሁሉ ነገሩን ቀስ በቀስ ሌላ ሰው እያወቀው ሲሄድ፣ ይቺ ግን የእኔ ነበረች። … ዛሬ አራት መነጽር ሲንጋደድብሽ ደስ አለኝ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ጮቤ ረገጥኩ። ከዚያ ያለ መነጽሩ እሄዳለሁ ሲለኝ ነው ስልኩን ስጣት ያልኩት።

… ተይው፣ ምስጋናው ይቅር። ቅዳሜ ጫካው ጋ ስትደርሱ አንቺ ከፊቱ ነሽ ከኋላው? … ከኋላው ሁኚ። ያየሽውን ደግሞ ለእኔ ትነግሪኛለሽ። እሱ እንደሆነ በር ነው እያለ ይኖራል። … ሳቂ፣ ሳቂ። ጆሮውን ግን እንዳትነግሪው። … እሺ። ሂጂ በይ፣ ባለሱቁ ሌላ ፍሬም ሳያመጣ።

… አለሁ፣ እየጠበቅኩ ነው። … መጣሁ እትዬ! … ምንም አልሆንኩም፣ ይሄ ክፍል አቧራ ነው፣ ዓይኔን አሳከከኝ። …

ሄሎ? አንተ ነህ? … ተስተካከለ? … ራስህን ነቅንቅ እስቲ። … ጎንበስ በል። … ዝለል። … ሰው ቢያይህስ፣ ዝለል አልኩህ! … አልወረደም? ጭራሽ? … እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!

… ምን አደረገች? … ከደጅ ገብታ «የግራውን ዘንግ ጉበጥ አድርገው» አለችው፣ ቀጥ አለ። … ባለሱቁም ገረመው። … እንዴት አወቀች አልክ? …

… አይታ ነዋ።

… እኔ? እኔ ምን ብዬ እነግራታለሁ፣ ስለ ቅዳሜው ነው ያወራነው። ቀስ በሉ ነው ያልኳት። … አዎ። … አዎ፣ ዓይኗ ጥሩ ነው። … ጎበዝ ናት አልኩህ፣ ስንቴ ታስብለኛለህ! … አመስግናት እንግዲህ። … አሁን፣ እኔ እየሰማሁ። …

… ሰማሁ። … በቃ ዝጋው የኔ ጌታ። ቻው።