በዛሬው ምንዛሪ

ነይ ሲው ላን፣ ግቢ፣ ተራሽ እስኪደርስ ቁጭ በይ። ውጪው እንዴት ነው? ድልድዩ ዛሬም ተጨናንቋል? ይጨናነቅ እንጂ! ነገ የኛ የቻይናዎቹ የዓመት መለወጫ ዋዜማ ነው፤ ሲንጋፖር በሙሉ ተነቅሎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ እኛ ማሌዥያ፣ ጆሆር ገብቷል። ቤንዚን ሊቀዱ፣ ጋሪ ሙሉ ሳሙና ሊሸምቱ፣ ፀጉራቸውን ሊሠሩ... ይምጡ፣ እኔ ምን ቸገረኝ? ከነገ ወዲያ ፀጉሩን የተቆረጠ ሰው የዓመቱን ዕድል ቆርጦ ጣለ ማለት ነው፤ የኔ ገበያ ዛሬና ነገ ነው።

እሜቴ፣ እርስዎ እንዳይነቃነቁ። ቀለሙ ገና አልያዘም፤ ሽበትዎ ሥሩ ላይ እልኸኛ ነው። እዚያው መስታወቱ ሥር መጽሔት አለልዎት።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ... ስለ አንዲት ሴት። ስሟን አልጠራም፤ ስም መጥራት አልወድም። አታውቂያትም። ታውቂያት ይሆናል ደግሞ፣ እኔ ምን አውቄ! እንዴት ያለች አስተዋይ ሴት መሰለችሽ። ከማዶ፣ ከሲንጋፖር ስትመጣ ያየችውን ዋጋ ሁሉ በዛሬው ምንዛሪ ለሦስት ተኩል ታካፍላለች። ጫማው ለሦስት ተኩል፣ ጥርስ ሐኪሙ ለሦስት ተኩል። ባለፈው ዓሣ ተራ አየኋት፤ "ይሄማ በኛ ገንዘብ ነፃ ነው!" እያለች ዓሣውን ስታገላብጥ፣ ስታገላብጥ... ነፃ ነው ያለችውን ደግሞ ቆማ ትከራከራለች! ባለ ዓሣው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ቆጣቢነት እንዲህ ነው እንጂ፣ አይደል?

ድሮ እኮ ምኑን ታካፍይዋለሽ? አንቺ ልጅ ነሽ፣ አልደረስሽበትም። የእነሱ አንድ ዶላር የኛ አንድ ሪንጊት ነበር። አንድ ለአንድ! ከዚያ የእነሱ ትንሽ ከፍ አለ፤ "ይመለሳል" አልን። አንድ ተኩል ገባ፤ "ይመለሳል" አልን። የእስያ ገንዘብ ሁሉ የተንኮታኮተ ጊዜ ሁለትን አለፈ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና "ከዚህ በላይ የት ይሄዳል?" ብሎ ጋደም አለ። ሄደ! ሁለት ተኩል፣ ሦስት... ባሌ ሞተ፣ ምንዛሪው አሁንም እየሄደ ነው።

እና በዚያ በአንድ ለአንዱ ጊዜ፣ ከኛ ቤት ቀጥሎ አንዲት እናት ነበሩ። አናናስ ፋብሪካ ውስጥ ልጣጭ ይልጡ ነበር። አናናስ እጅ እንደሚበላ ታውቂያለሽ? ጭማቂው ጣታቸውን ገሽልጦት ማታ ሩዝ መብላት ያቅታቸው ነበር፤ እናቴ ናት የምታጎርሳቸው። ልጃቸውን ግን ድልድዩን አሻግረው እዚያ ማዶ አስተማሯት። ያን ሁሉ ዓመት ሲከፍሉ አንድም ቀን "ለስንት ይካፈል?" አላሉም። ሙሉውን ነው የከፈሉት።

ምነው እሜቴ? ቀለሙ አቃጠለዎት እንዴ? ኧረ እርስዎን ማን ተናገረ! ስለ አናናስ እኮ ነው የምናወራው። ይቀመጡ፤ አሁን ቢነሡ ግማሽዎ ጥቁር ግማሽዎ ብርቱካን ሆነው ነው ድልድይ የሚሻገሩት። ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ "ይቺ እሷ አይደለችም" ቢልስ?

ታዲያ ልጅቷ ተማረች፣ አገባች፣ እዚያው ማዶ ቀረች። እሰየው! እናቷ ሲደክሙ ማዶ ያለውን የአረጋውያን መጦሪያ ጠየቀች፤ ውድ ሆነባት። በኛ በኩል አንድ አገኘችላቸው... በስንት ይመስልሻል? አካፍይው! እንደ ዓሣው አገላብጣ፣ መርጣ። ክፉ መናገር አልወድም፣ ንጹሕ ቤት ነው። ማራገቢያ አለው፣ መስኮት አለው። ሰኞ ሰኞ እየሄድኩ ፀጉራቸውን ስለምቆርጥ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ ሸሚዛቸውን ለውጠው መስኮቱ ሥር ቁጭ ይላሉ። ልጅቷም ቅዳሜ ቅዳሜ አትቀርም፣ ትመጣለች... ጆሆር ማለቴ ነው። ቤንዚን አለ፣ ገበያ አለ፣ ፀጉር አለ፤ ከዚያ ድልድዩ ይዘጋል። ምን ታድርግ? ዓሣው ይበላሽባታል። እናት እንደሆነች አትበላሽም።

ሰኞ ዕለት እማማ ምን አሉኝ መሰለሽ? "ዛሬ ጥሩ አድርገሽ ሥሪኝ፤ ለዋዜማው ራት ልጄ ትወስደኛለች።" ሠራኋቸው። ቀይ ሹራባቸውን አጥፈው በፌስታል አልጋቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ስትመጣ እንዳያስጠብቋት። አንጀቴን በሉት ሲው ላን! የትም የተበተነ ልጅ ለዚያች ለአንድ ማዕድ ይሰበሰብ የለም እንዴ? ያቺ ሴት ግን ነገ ኢንዶኔዢያ፣ ባሊ ለሽርሽር ትበራለች አሉ። ሆቴሉን ይዛ ጨርሳለች። እዚያማ የምታካፍለው በአሥራ ሁለት ሺህ ነው! እንዲህ ያለ ምንዛሪ እያለ ከአሮጊት ጋር ራት ምን ያደርግላታል?

መጦሪያ ቤቱ እኮ ቅርብ ነው። ከዚህ ወጥቶ በስተቀኝ፣ መድኃኒት ቤቱን አልፎ ሰማያዊ በር። በእግር ነው። ለምን እንደነገርኩሽም አላውቅም፣ አንቺ እዚያ ሰው የለሽ... ዝም ብሎ አፌ ላይ መጣ።

በሉ እሜቴ፣ ይምጡ ልጠብዎ። ጎንበስ... ውኃው ይበርዳል? እንዴት አምሮብዎታል! አንድም ነጭ የለ። ሒሳቡ ሰማንያ ነው፤ ለእርስዎ ግን ለበዓሉ ብዬ በድሮው ምንዛሪ አደርገዋለሁ፣ አንድ ለአንድ። ሰማንያ ዶላር። ኧረ ስቀልድ ነው! ይሄን ያህል ሰው ይደነግጣል? ሰማንያ ሪንጊት ነው፣ ያካፍሉት። ቦርሳዎን እንዳይረሱ። መኪናዎ በስተግራ ነው መሰለኝ የቆመው... አዎ፣ በስተግራ።

ቆዩ፣ በሩ ያስቸግራል፣ ልክፈትልዎ። ሲው ላን፣ ያቺን ሴት ስናማት ዋልን፣ ለዓመት በዓል ነውር ነው። እስቲ እንመርቃት። ጤና ይስጣት። እናቷ የደረሱበት ዕድሜ ላይ ያድርሳት። እርጅናዋን ንጹሕ ቤት፣ መስኮት ሥር ያድርግላት። አንድ ልጅ አላት፣ አውስትራሊያ የሚማር፤ ሒሳብ ላይ እሳት ነው አሉ... እሱም ቁርጥ እናቱን ይሁንላት። አሜን በይ እንጂ!