የውኃ ሞተራችንና መሐንዲሱ

መሠረት፣ ነይ እዚህ ተቀመጭ፣ ጥላ አለው። ከቁሐር ሚካኤል ወረታ ድረስ በዚህ አቧራ በእግርሽ ነው የመጣሽው? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ላሚቱስ ወለደች? እሰይ... እኔማ ደኅና ነኝ። ባየህ ግን አልመጣም፤ ሽንኩርቱን በባልዲ እያጠጣ ነው። ባሌ ምን ያድርግ፣ የውኃው ሞተር ከገና ወዲህ ተፈትቶ ጆንያ ላይ ተዘርግቷል።

አይ፣ እሱን ተይው። ዛሬ የደስታ ቀን ነው። መሐንዲሳችንን ከፊታችን አየሻቸው፣ የተሸለሙት ካባ እንዴት እንደተስማማቸው? ሃያ ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ሲፈቱ፣ ሲገጥሙ... የሰፈራችን ልጅ ናቸው ብል ማን ያምነኛል? ንፍጣቸውን የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ግን አንቱ ነው። ድምፄን ልቀንስ? ለምን እቀንሳለሁ፣ ሙገሳ ነው እኮ።

ንግግራቸውን ሰማሽው? «በእኛ ሥራ አንድ ብሎን አይተርፍም፤ ሥራ ሲያበቃ መፍቻው እንኳ ተቆጥሮ ይገባል» አሉ። እኔ አጨበጨብሁ። ለገና መጥተው «ሞተሩ ትንሽ ያስለዋል፣ እስቲ ልየው» ብለው ፈተው ሲገጥሙት ግን ጣሳ ሙሉ ብሎን... ተረፈ ብዬ አላማቸውም። ለእኛ ብለው የተዉት ነው፤ ደግ ሰው ያካፍላል።

አልነሣ ሲላቸው እንደገና ፈቱትና ያችን ቤንዚን የምታሳልፈዋን ትንሽ እቃ «አዲስ አበባ በማሽን አስፈትሻታለሁ» ብለው በኪሳቸው ይዘው ሄዱ። ይኸው የእኛ እቃ አዲስ አበባን አየች፤ እኛ መቼ አየን? ዛሬ አምጥተዋት ይሆን ብዬ እጃቸውን አየሁ። አበባ ይዘዋል።

ይርዳው አለ አይደል፣ እዚሁ ገበያው ዳር ሞተር የሚጠግነው? «በአፌ እፍ ብላት ይበቃት ነበር» አለኝ። ምን ያውቃል፣ ከአምስተኛ ክፍል የወጣ። እሳቸውም «ያልተማረ እጅ እንዳታስነኩት፣ ያበላሸዋል» ብለውናል። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲያበላሸው አንድ መደብ ሽንኩርት ደርቆብን አያውቅም።

አባቴ የተማረ ይግደለኝ ይሉ ነበር። ሽንኩርቱንም ጨምሮ መሆኑን አልነገሩንም። እውነቴን ነው የምልሽ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ ሳይ እንባዬ ይመጣል። ሽንኩርቱ ከዚህ ሳምንት አያልፍም፤ የምንኖረው ደግሞ በእሱ ነው። ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል? ላም አለኝ በሰማይ ይባላል... እኛስ ልጅ አለን በሰማይ። ወተቱ ቢቀርብን የአውሮፕላኑን ድምፅ ከላይ እንሰማለን።

ዞር አሉ እንዴ? ኧረ እኔ የማንንም ስም አላነሣሁ። ፈገግ በይ፣ ፎቶ እያነሡ ነው።

ተነሽ፣ መርቁ ተባለ። እኔም የልቤን ልመርቃቸው። እድሜና ጤና ይስጣቸው። ነገ ከባሕር ዳር ሲሳፈሩ፣ እግዜር ያልተማረ እጅ ከነካው አውሮፕላን ይሰውራቸው። እሳቸው ብቻቸውን፣ በገዛ እጃቸው ፈተው የገጠሙትን... እሱኑ ያሳፍራቸው። አሜን በይ እንጂ።