ሚሊና አርባ አንድ መኪኖቿ

እማማ፣ ልጅዎን ሊሸኙ የቆሙት፤ ወንድሟ፤ የሥራ ባልደረቦቼ፤ የሞዴል መኪና ማኅበሩ አባላት፤ ጎረቤቶቿ፤ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ስለምትሰሙኝ አክብሮቴ ይድረሳችሁ።

ተናገር ያሉኝ እማማ ናቸው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቧ የተቀመጥከው አንተ ነህ፤ ካንተ የበለጠ ማን ያውቃታል?» አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ታውቃላችሁ።

እውነት ነው፣ አጠገቧ ነበርኩ። ሰው ሠራሽ ጥርስ በምንሠራበት ክፍል፣ የእሷ ወንበር መስኮቱ ዳር ነው፤ የእኔ ከእሷ ቀጥሎ። ሚሊ ያልናት እኛ ነን። የሠራነውን ጥርስ ወደ ብርሃኑ ታነሳና፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ «አንድ ሚሊ ይቀረዋል» ትላለች። እኛ አልቋል ብለን እጃችንን ታጥበናል። አንድ ሚሊ! እንጨቃጨቃለን። ለክታ ስታሳየን ልክ አንድ ሚሊ። ታዲያ ሌላ ምን እንበላት?

መኪኖቹን የጀመረችው በወንድሟ ምክንያት ነው። ይኸው እዚህ ቆሟል፤ ከዋሸሁ ያርመኝ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ለራሱ አንድ ካርቶን የሞዴል መኪና ገዛ። ላላያችሁት ልንገራችሁ፦ መኪናው ተበታትኖ ነው የሚመጣው። መቶ ምናምን የፕላስቲክ ቁራጭ። አንዱን ካንዱ ትቆርጣለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ፣ በሙጫ ትገጥማለህ፣ ቀለም ትቀባለህ፤ መጨረሻ ላይ መዳፍህ ላይ የምትቆም መኪና ትወጣለች። ወንድሟ በሁለተኛው ቀን ጣቱ ከመኪናው በር ጋር ተጣበቀ። «እኔ ትልቁን መንዳት ይሻለኛል» ብሎ ወረወረው። እሷ ለቀመችው። በምሳ ሰዓት ሥራ ቦታ ይዛው መጣች።

የኋላ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ምን አደረገች? እኛ ድድ የምንሠራበትን ሮዝ ዱቄት በጥብጣ መብራት አወጣችለት። ሮዝ መብራት! «ይቺ መኪና ፍሬን ስትይዝ በድዷ ትስቃለች» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁላችንም በላይ የሳቀችው እሷ ናት። መብራቱን ግን አልቀየረችውም።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት? አርባ አንድ መኪና ሠራች። መሪው ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ ነው። የመቀመጫ ቀበቶውን በወረንጦ ነው የምታስረው። «ኧረ ጣሪያው ሲገጠም ይሸፈናል፤ ማን ያየዋል?» እላታለሁ። «ካየሁት በኋላ እንዴት ልርሳው?» ትለኛለች።

በዓመት አንድ ጊዜ ማኅበሩ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ሥራውን ያሳያል። አሥራ አንድ ጠረጴዛ፤ አሥሩ የወንዶች። ሚሊ ጥቁር ጨርቅ ታነጥፍና መኪኖቿን ደርድራ ቆማ ትውላለች። እዚያም አጠገቧ ነበርኩ። አንድ ሰውዬ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ አየ፣ አየና፣ «ባለቤትሽ እጀ ወርቅ ነው። የት ሄዶ ነው?» አላት። «ባል የለኝም» አለችው። «ቢኖረኝማ ይሄን ሁሉ መቼ እሠራው ነበር?» ሰውዬው ደነገጠ። ከዚያ ሳቀ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከጠረጴዛዋ አልተነቀለም።

እስከዚህ ያለውን ማንም ሊነግራችሁ ይችላል። የቀረውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማን ቀድሞ አየ? አጠገቧ የነበረው አየ። መጀመሪያ አውራ ጣቷ ነው። እሷ ሳታዘው ብቻውን ይንቀሳቀሳል። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ፣ በግራ እጇ ቀኟን ይዛ ትሠራለች። አየሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ። ከዚያ አንድ ጥርስ ተመለሰ። ቀጥሎ ሌላ። አንድ ሽማግሌ ድዳቸው ተቆርጦ መጡ። ከሥራ በኋላ እየቀረች እንደገና ሠራችላቸው፤ ሦስት ቀን ፈጀባት። «ለማንም አትናገርብኝ» አለችኝ። «ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። እስከዚያ ብቻ።» «ምን በወጣኝ» አልኳት።

በሳምንቱ አለቃችን ቢሮ ገብቼ ተናገርኩ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። በአለቃችን አትፍረዱ፤ የሰሙትን ይዘው ማድረግ ያለባቸውን አደረጉ። ለታካሚዎቹ ብዬ ነው አልኳቸው። ለራሴም እንዲሁ ነገርኩት። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽስ? ሌላው ግማሽ መስኮቱ ዳር ያለው ወንበር ነው። ያ ብርሃን። ስንት ዓመት በጎን ያየሁት ብርሃን። እሷን እንግዳ መቀበያው ጋ ስልክ እንድታነሳ አዛወሯት። በማግስቱ ወንበሯ ላይ ማን ተቀመጠ? እኔ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ገና የእሷን ልክ እንደያዘ ነበር፤ ከፍ ማድረግ ነበረብኝ።

ዕቃዋን ስትሰበስብ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ማን ነገራቸው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ሁለት ዓመት ስልክ አነሳች። ከዚያ የስልኩንም እጀታ መያዝ አቃታት፤ ቤት ዋለች። አርባ ሁለተኛውን መኪና ጀምራ ነበር። ጠራችኝ። «ጣት አበድረኝ» አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እሠራለሁ። «ቀስ! ሙጫው በዛ። አሁን ያዘው፤ እስከ ሠላሳ ቁጠር።» እኔ ትዕግሥት የት አለኝ? አሥራ አምስት ላይ እለቀዋለሁ። በሩ ይወልቃል። «ሠላሳ አልኩህ እኮ! ቁጥር ጠፋህ እንዴ?» ትስቃለች። ስንት ቅዳሜ? ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደረሰ? ስንት ጊዜ ዋጥኩት?

አንድ ቅዳሜ የሆነ መኪና ልታሳየኝ የመስታወቱን መደርደሪያ ከፈተች። ክንዷ ተወረወረ። የላይኛው መደርደሪያ ከነመኪኖቹ በታችኛው ላይ ወደቀ። መስታወቱ ጮኸ። ፕላስቲክ ግን ሲሰበር ብዙም አይጮኽም። ደረቅ ቅጠል የረገጡ ነው የሚመስለው። አሥራ ዘጠኝ መኪና። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ጎማውን ከጎማ፣ በሩን ከበር መለየት ጀመርን። እማማ፣ እርስዎ ከወጥ ቤት ሮጠው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ያስታውሱታል።

እርስዎ ውኃ ሊያመጡላት ሲመለሱ ነው ቀጣዩ የሆነው። «አይዞሽ፣ እንጠግናቸዋለን፤ አንድም አይቀርም» አልኳት። ቀና አለች።

«ተው፣ አትዋሸኝ» አለችኝ። «ያኔ የዋሸኸኝ ይበቃናል።»

ታውቅ ነበር! ያን ሁሉ ቅዳሜ ታውቅ ነበር። እያወቀች ነው እስከ ሠላሳ ያስቆጠረችኝ። እያወቀች ነው «ለእሱ ሻይ ጨምሩለት» የምትለው። ምን ማለት ነበረብኝ? ሁለት ቃል ነው፤ ሕፃን ልጅ የሚችለው ሁለት ቃል። እኔ እጄ ላይ የነበረውን ጎማ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩና፣ «መሸብኝ» ብዬ ወጣሁ። ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሠራሁት አሳፈረኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ መቅረቴ አሳፈረኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ሕመሙ ከእጇ ወደ እግሯ፣ ከእግሯ ወደ ጉሮሮዋ ሄደ። መዋጥ አቃታት። መጨረሻ ላይ ሳንባዋን ያዘው። እኔ የት ነበርኩ? ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ፣ በጤናዬ፣ ቤቴ ነበርኩ።

ትናንት ወንድሟ አንድ ነገር ነገረኝ። ቅዳሜ ሲሆን ጠረጴዛው እንዲጠረግ፣ የውጭ በሩም እንዳይቆለፍ ታዝ ነበር። «ማን ሊመጣ ነው?» ይላታል። «ካልመጣ እንቆልፈዋለን» ትለዋለች። አመሻሹ ላይ ይቆልፉታል። ይህን የነገረኝ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው፤ በልቧ እንደነበርኩ እንዳውቅ። ለምን እንደቀረሁ አያውቅም ነበር። ወንድሜ፣ አሁን አወቅህ።

መጽናኛ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ የለኝም። ፈልጌ አጣሁ። «ሰው ቢሞት ሥራው አይሞትም» ይላሉ። ምን ቀረ? አሥራ ዘጠኙ በሦስት ካርቶን ተከተው አልጋዋ ሥር ናቸው። የማኅበሩ ወዳጆቿ የተረፉትን እናሳይላታለን ብላችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይህ ቀለም እንዴት መጣ፣ ይህን በር በምን ቀረጸችው ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ ማን ይመልስለታል? አርባ ሁለተኛው ጎማ አልባ እንደሆነ ቆሟል። ጨርስላት ያላችሁኝ አላችሁ። አልነካውም። ከእንግዲህ የእኔ እጅ የማይደርስበት አንድ ነገር ይቅርላት።

እማማ፣ እንድናገር የጋበዙኝ ቅርቧ ስለነበርኩ ነው። አዎን፣ ቅርቧ ነበርኩ። ሩቅ ያለ ሰው እንዲህ አድርጎ ሰውን መጉዳት በምን አቅሙ? ከዛሬ ጀምሮ ፊትህን አላይም ቢሉኝ አይፈረድብዎትም። እዚህ ልጅዎ ፊት ሌላ ውሸት መጨመር ግን አቃተኝ።

ሚሊ፣ እህቴ፣ ሁለቱን ቃል ይዤ መጥቻለሁ። ይቅር በይኝ።

ይኸው ወጣ። ትንፋሽ እንኳ አልፈጀም። ምን ያደርጋል? መስማት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ፤ የሰሙት ሌሎች ናቸው። ምናልባት እንደለመድሽው ስቀሽ ታልፊው ነበር። ምናልባት ከቤቴ ውጣ ትይኝ ነበር። ሁለቱም ቀርቶብኛል። ሁለቱንም የነሣሁት እኔው ነኝ።

አሁን ሊሸፍኑሽ ነው። ደህና ሁኚ ሚሊ። ደህና ሁኚ እህቴ። አንቺን አፈሩ ይቅለልሽ።

እኔን ይክበደኝ።