አቶ ቢሻውና የሙስና መለኪያ

አቶ ቢሻው ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ዘውድነሽ ጋር ያለባቸውን የወሰን ክርክር ለማስጨረስ ዳንግላ ገብተው ከጋሪ ሲወርዱ ዶፍ ዝናብ ያዛቸውና ከአንድ ወፍጮ ቤት በረንዳ ተጠለሉ። እዚያም አንዲት ወጣት ታብሌቷን በላስቲክ ጠቅልላ ቆማ ነበር። ይታይሽ ትባላለች፤ እንጅባራ ተምራ የተመረቀች ናት። ሰላምታ ተለዋውጠው ስማቸውን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«ትናንት ቤትዎ መጥቼ አጣሁዎት። ለጥናታችን ዕጣ የደረሰዎት እርስዎ ነዎት። የምንጠይቀው ስለ ሙስና ነው፤ በሌሎች አገሮችም ይጠየቅና ይነጻጸራል።»

አቶ ቢሻው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። በቅርቡ ለአንድ የመሬት ጉዳይ ሠራተኛ ሙክት ነድተው ሰጥተዋል፤ ፋይላቸው ግን ገና እሱ እጅ ነው።

«እኔ ሙስና የሚባል አላውቅም» አሉ። «ደግሞስ ሌብነት በቁና ይሰፈራል?»

«በአንድ ቁና ብቻማ አይሰፈርም፣ አባቴ። አንዳንዶች ነጋዴውንና ምሁሩን ጠይቀው ግምታቸውን ይወስዳሉ።»

«ያማ ወሬ ነው።»

«ወሬም ይገባበታል። ሌሎች ፍርድ ቤት የቀረበውን ክስ ይቆጥራሉ።»

«ይሄስ ይብሳል። ሌባውን የሚከስ አገር ሌባ ሊባል፣ ዝም ያለው ንጹሕ ሊባል ነው?»

«ስለዚህ ነው በእያንዳንዱ ሰው ላይ የደረሰውን ራሱን የምንጠይቀው» አለች ይታይሽ።

አቶ ቢሻው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ አንድ ሰው ጃኬቱን ተከናንቦ እየሮጠ በረንዳው ላይ ወጣ። ሙክቱን የተቀበለው ኪዳኑ ነበር። ሰላም ብሏቸው ታብሌቱን አየት አደረገ።

«ጥናት ነው? ጠይቂያቸዋ፤ እኔም እሰማለሁ» አለ ፈገግ ብሎ።

ይታይሽ ታብሌቷን ዘጋች። «ብቻቸውን ነው የማነጋግራቸው። ቤታቸው እሄዳለሁ።»

አቶ ቢሻው ግን ነገሩ ከነከናቸው። «ቆይ ልጄ። የፈራ ሰው ‹አላውቅም› ቢልሽ እንደ ንጹሕ ልትቆጥሪው አይደል? እንግዲያ ፍርሃት የበዛበት አገር አንደኛ ሊወጣ ነው።»

«ለዚያ መላ አለው። የአንድ ብር ሳንቲም ሽቅብ ይወረውራሉ፤ ለማንም አያሳዩም። አንበሳው ከወጣ ‹አዎ› ይላሉ፣ መማለጃ ሰጡም አልሰጡ። ሚዛኑ ከወጣ እውነቱን ይናገራሉ። የአንዱ ሰው ‹አዎ› ከሳንቲሙ ይሁን ከእውነቱ፣ እኔም ሆንሁ ሌላ ሰው ሊያውቀው አይችልም። ከብዙ ሰው መካከል ግን ግማሽ ያህሉ በአንበሳው ምክንያት ‹አዎ› እንደሚል እናውቃለን። ከዚያ የሚተርፈው ነው እውነቱን የሚነግረን።»

አቶ ቢሻው ኪሳቸውን ዳብሰው የአንድ ብር ሳንቲም አወጡ። እዚያው እንዲመልሱ ማንም አላስገደዳቸውም ነበር። ሳንቲሙን ወርውረው በጋቢያቸው ውስጥ ያዙና አዩት። ሚዛኑ ነበር።

«ጠይቂኝ።»

«እዚሁ?»

«እዚሁ።»

ይታይሽ ጥቂት አመነታች። «ጉዳይዎ እንዲያልቅልዎ መማለጃ ሰጥተው ያውቃሉ?»

«አዎ።»

የኪዳኑ ፈገግታ ጠፋ። «ለማን?»

«ሳንቲሙ አዝዞኝ ይሆናል» አሉ አቶ ቢሻው፣ ሳንቲሙን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ።

ኪዳኑ ፋይሉን አንቆ ያዘው፤ ወራት አለፉ። በመጨረሻ የጥናቱ ውጤት ወጣ። ያለ ሳንቲም ፊት ለፊት ከተጠየቁት «አዎ» ያሉት እፍኝ የማይሞሉ ሲሆኑ በሳንቲሙ ከተጠየቁት ግን «አዎ» ያሉት ከግማሽ እጅግ በልጠው ጉዱን አወጡት። የመሬት መሥሪያ ቤቱም ባለጉዳይን በተራ እንዲያስተናግድ፣ የወሰን ውሳኔም ሁለቱም ወገኖች ባሉበት እንዲነበብ ታዘዘ። የአቶ ቢሻው ፋይል በዚሁ ሥርዓት ታየና ከሚከራከሩበት መሬት እኩሌታው ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ዘውድነሽ ተወሰነ። ባልቴቷ የምትነዳው በግ አልነበራትም።

በሰንበቴ ዕለት አቶ ቢሻው ጥናቱን ሲያመሰግኑ የሰሙ ሰዎች «መሬት ያሳጣዎትን ነገር ያመሰግናሉ?» ብለው ተሳለቁባቸው።

«ያጣሁት የእኔ ያልነበረውን ነው» አሉ አቶ ቢሻው። «ሙክቴ ሠርቶ ቢሆን የዚያችን ሴት እንጀራ ስበላ ልኖር ነበር። ዛሬ አጥር ለአጥር ስንገናኝ ቀና ብዬ ሰላም እላታለሁ። ልጆቻችንም ቢሮ ሲሄዱ ማስረጃቸውን ብቻ ይዘው ይሂዱ። እናንተም ስትጠየቁ ተናገሩ። ዝም ካልን ሌላው አገር ጉድፉን አውቆ ሲያጠራ፣ እኛ በወረቀት ንጹሕ እየተባልን በግ ስንነዳ እንኖራለን።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣችና ከአጠገባቸው ተቀመጠች።