ጋሽ ይርሳው መልሰው የሠሯት ስርጉድ

የማሠልጠኛችን ባልደረቦች፣ ከቡሬ ድረስ የመጡልን እትዬ ካሰች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ የብየዳው እንዳለው ነኝ። ጋሽ ይርሳው ጡረታ ሲወጡ እንድሸኛቸው የተመረጥኩት አንደበቴ ጣፍጦ አይደለም። ስንት ዘመን ከጎናቸው ስሠራ መዶሻቸው ጆሮዬን ስላደነቆረው፣ ቢቆጡም አይሰማም ተብሎ ነው።

ፍኖተ ሰላም የመጡበት ቀን ትዝ ይለኛል፤ ኢሕአዴግ በገባ ማግስት ነበር። የያኔው ኃላፊያችን ቢሮ አስገብተው "ይቀመጡ" አሏቸውና ለጉዳይ ወጣ አሉ። ወዲያው ከቢሮው ውስጥ ኳ! ኳ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘበኛችን ሌባ ገባ ብሎ ዱላውን ይዞ በሩን በረገደው። ጋሽ ይርሳው የብረት ቁም ሳጥኑን በር ፈትተው፣ መሬት አስተኝተው፣ ስርጉዱን ያቃናሉ። ምን እያደረጉ ነው ቢላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ዝም ብዬ ባልፈው ኃጢአት ይሆንብኛል" አሉት። እንደዚያ ሲሉ ገና አልተቀጠሩም።

ባቲላሜራ፣ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጦ የሚያቃና ባለሙያ፣ ብዙ አይቻለሁ፤ ስርጉድ እንዲህ የሚያንገበግበው ሰው ግን አላየሁም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ትሪ በአውራ ጣታቸው ሲያቃኑ ያላያቸው ማን አለ? ዱርቤቴ ገበያ አንድ ቀን የማያውቁት ሰው መኪና ሥር ገብተው የጎማውን መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎውን፣ ሲገፉ ባለቤቱ በእግራቸው ጎተታቸው። እኔም እንደማላውቃቸው ሆኜ ሽንኩርት መምረጥ ጀመርኩ። ስመለስ ሰውየው ምሳ እየጋበዛቸው ነው። "ይኼስ ጓደኛዎ ነው?" ሲላቸው፣ "ሽንኩርት ነጋዴ መሰለኝ" አሉ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። አይሽሹ ጋሽ ይርሳው፣ በሩ ተዘግቷል።

የእትዬ ካሰች አባት በወጣትነታቸው አስመራ ላይ የሚወዳደሩባት፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የእሽቅድምድም መኪና ነበረቻቸው። በደርግ ጊዜ አባትየው ተወስደው ቀሩ። የመኪናዋን ቀኝ ጎንም አንዱ ነቅሎ የወፍጮ ቤት ጣራ ደፈነበት። ፎቶግራፍ እንኳ አልተረፈም። እትዬ ካሰች የቀረችውን ጭነው አመጡልንና፣ "እንድትሮጥ አልፈልግም፤ አባቴ እንደተዋት አድርጋችሁ አቁሙልኝ" አሉን።

የኮምፒውተር ሥዕል አስተማሪያችን ሜላት ከባሕር ዳር በብርሃን የሚለካ ካሜራ ተውሳ መጣች። ካሜራው የግራውን ጎን ይለካል፣ ኮምፒውተሩ ገልብጦ ቀኙን ይሥላል፣ በዚያ ልክ የእንጨት ቅርጽ ይቆረጣል፣ ጋሽ ይርሳው አዲሱን አሉሚኒየም እንጨቱ ላይ ይቀጠቅጣሉ። የሚያብለጨልጭ ነገር ካሜራውን ስላስቸገረው ነጭ ዱቄት ይነስነስበት ተባለ። ጋሽ ይርሳው ከቤት የስንዴ ዱቄት ይዘው መጡ። ባለቤታቸው እትዬ ያምሮት ዱቄቴን የት አደረስከው ቢሏቸው፣ "መኪና ተኳኳለችበት" አሉ። እሱም ሳይበቃ አለቀና፣ ዱቄቱ እስከደረሰበት የተለካው የመጀመሪያው ልኬት ለሙከራ ነው ተብሎ ተተወ።

ሜላት ዱቄት ገዝታ ብትመለስ የግራው ጎን አንድ ስርጉድ የለበትም፤ መስታወት ሆኗል። ልጅቱ ልታለቅስ ደረሰች። እሳቸው ግን፣ "ሁለት በሽተኛ ከምታደርጊ አንዱን ፈወስኩልሽ፤ አሁን ገልብጪው" አሏት። ነገሩ ልክ መሰለንና እንደዚያው ተሠራ።

መኪናዋ አልቃ ቀይ ቀለም ተቀብታ እትዬ ካሰች ሊያዩ መጡ። ዞሯት፣ መረቁን። በግራ በኩል ሲደርሱ ግን እጃቸው ጠርዙ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"ልጆቼ፣ የአባቴ ክርን የት ሄደ?"

ለካ አባትየው ሁልጊዜ ክርናቸውን የሚያሳርፉባት ስርጉድ ነበረች። እትዬ ካሰች በልጅነታቸው ጡጫቸውን እየከተቱ ይጫወቱባት ነበር። ማንም ይነካታል ብለው ስላላሰቡ አልነገሩንም።

ጋሽ ይርሳው የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም። ኮምፒውተር ያለበት ክፍል አልገባም ይሉ የነበሩት ሰውዬ ሜላት ዘንድ ሄደው በሩ ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ያቺን ዱቄት ያለቀባትን ልኬት አጠፋሻት?"

"እኔ ምንም አላጠፋሁም" አለች። እርስዎ ነዎት ያጠፉት ማለቷ ነበር። ስርጉዷ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቁጭ ብላለች።

በልኳ እንጨት ተቆረጠ። ጋሽ ይርሳውም ዕድሜ ልካቸውን ሲያሳድዷት የኖሩትን ስርጉድ በገዛ እጃቸው ሊሠሩ ተቀመጡ። ሲያቃኑ እንደዚያ አልቧቸው አያውቅም። እየመቱ "በዛች?" ሲሉ፣ ሜላት "ትንሽ ትቀራለች" ስትል፣ እኛ ሥራ ፈትተን ከበን ስናይ ዋልን። ቀለሙ ሲደርቅ እትዬ ካሰች ገብተው ተቀመጡ፣ ክርናቸውን አሳረፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እዚህ ነው" አሉ። "አባዬ እንዲህ ነበር የሚቀመጠው።"

ጋሽ ይርሳው ያን ጊዜ መዶሻዬ ጠፋኝ ብለው ፍለጋ ጀመሩ። መዶሻው እጃቸው ላይ ነበር።

ጋሽ ይርሳው፣ ቀልዱን ልተወውና አመሰግንዎታለሁ። ሙያዎን ብዙ ሰው ያመሰግንልዎታል። እኔ የማመሰግንዎ በዚያ ዕድሜና በዚያ ስም ተሳስቻለሁ ብለው ልጅዎ የምትሆን አስተማሪ በር ላይ ስለቆሙ ነው። አሁን እኛ ዘንድ ሰው ሲሳሳት እንደ ድሮው አይፈራም፤ ከእርስዎ የቀረልን ይኼ ነው። ሲሄዱ ጆሮዬ ያርፋል፤ ልቤ ግን ይከፋዋል።

በሉ ሁላችሁም ጠጃችሁን አንሱ። ጋሽ ይርሳው፣ የእርስዎን በዚች የአሉሚኒየም ኩባያ ቀድተንልዎታል። ከተቀመጡ ጀምሮ ስርጉዷን በአውራ ጣትዎ ሲገፏት አይቻለሁ። ይተዉዋት፤ ሁላችንም በተራ አንድ አንድ ጊዜ መትተን የሠራናት ናት፣ ዘበኛችንም ሳይቀር። እኛ እንደተውናት ትቀመጥልን።

ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ። መዶሻዎ ይረፍ፤ ክርንዎም ማሳረፊያ አይጣ።