ጭራ ያላት ዜሮ

ዶኛ ኦፌሊያ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉልኝ። ዛሬ የእርስዎ ሽኝት ነው፣ ወንበር የሚደረድሩት እርስዎ አይደሉም። ዶን ቼማ፣ እባክዎ እህትዎን ይያዙልኝ። እንዲያ።

ብዙ ጊዜ የለንም። ይሄ የምግብ አዳራሽ እስከ አስር ሰዓት የኛ ነው፣ ከአስር በኋላ የነሱ ነው። ልክ አስር ሲል የነሱዋ ሚስ ካሪና የሰዓት ድልድሉን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። ደግ ልጅ ናት፣ ግን ትቆማለች። ስለዚህ ቀልዱንም ለቅሶውንም ቶሎ ቶሎ እንለዋለን። ለማታውቁኝ፣ ግሪሴልዳ እባላለሁ፣ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ስትደውሉ "ትንሽ ይጠብቁ" ብላ የምትጠፋባችሁ ሴትዮ እኔ ነኝ።

ዶኛ ኦፌሊያ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጡት የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ነው። እኔ ከተቀጠርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ቅማል ተገኝቶባት እናቷን አስጠርተን እየጠበቅን ነበር። በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ሴትዮ ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥለው ገቡ። እኔ ማን ነዎት ብዬ ጠየቅኩ? አልጠየቅኩም። "ልጅዎ እዚያ ጥግ ናት፣ ማበጠሪያው ይኸውና" ብዬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

እሳቸውም አልተከራከሩም። ማበጠሪያውን ተቀበሉ፣ ልጅቷን ጉልበታቸው መሃል አስቀመጡና ተረት እየነገሩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቅማል ለቀሙ። እውነተኛዋ እናት ስትመጣ ልጅቷ "ተረቱ አላለቀም፣ አልሄድም" ብላ አለቀሰች። ያኔ ዶኛ ኦፌሊያ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡና ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ ይሄን ጨርሻለሁ። አሁን ቤተ መጻሕፍቱን ታሳይኛለሽ? አዲሷ ሠራተኛ ነኝ" አሉኝ።

በእሳቸው ላይ የሠራሁት የመጀመሪያ ስህተት ይሄ ነው። ሁለተኛውን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። ዶኛ ኦፌሊያ፣ እንዲያ አይዩኝ፣ እነግራቸዋለሁ።

ጠባያቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተመለሰ መጽሐፍ ሁሉ ይሸተታል። አፍንጫቸውን ገጹ ላይ ያስጠጉና "ይሄ መጽሐፍ ትናንት ማታ ባቄላ በልቷል" ይላሉ። ልጁ ይደነግጣል። "ሽንኩርቱም አርሯል። እናትህ ስልክ እያወራች ነበር?" ልጁ እግዜር ያየው ይመስለዋል። መጽሐፍ ያዘገየ ልጅ ቅጣቱ አንድ ነው፣ ፊታቸው ቆሞ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገር። አንድ ልጅ መጽሐፉን ሳያነበው አዘግይቶ ሙሉውን ታሪክ ከራሱ ፈጥሮ ነገራቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ምን አሉ? "ከደራሲው ይሻላል። ሌላ ውሰድ።" ያ ልጅ ዛሬ ራሱ አስተማሪ ነው፣ እዚያ ኋላ ተቀምጦ ይስቃል።

የምሳቸው ነገርማ አይነሣ። የተፈጨ ቃሪያ በካርድ መሳቢያቸው ውስጥ ይደብቃሉ፣ ያውም በፊደል ተራው። ሚስተር ፉዌንቴስ ርዕሰ መምህር ሆነው በመጡ በሁለተኛው ቀን የአንድ ልጅ ካርድ ሊፈልጉ እጃቸውን ሰደዱ፣ ከዚያ ዓይናቸውን አሹ። ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱ ዋሉ። ወላጆች "አዲሱ ርዕሰ መምህር እንዴት ሆደ ቡቡ ናቸው" ብለው ወደዷቸው።

ከፍሬስኖ የመጣችሁ ዘመዶች "የኛ"፣ "የነሱ" ስል ግራ ሳይገባችሁ አልቀረም። በዚህ ግቢ ሁለት ትምህርት ቤት አለ። እኛ የሰፈሩ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነን። እነሱ ቻርተር የሚባሉት ናቸው፣ ገንዘባቸው ከመንግሥት ነው፣ አስተዳደራቸው ግን የራሳቸው። ሕንፃ ስላልነበራቸው የዛሬ ሰባት ዓመት እኛ ጋ ገቡ። ሕጉ "ባዶ ክፍል ያለው ያካፍል" ይላል። ባዶ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ትምህርት ቢሮው ብቻ ነው የሚያውቀው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ቅጽ ይልካል። ቋሚ ክፍል ያልተመደበለት ቤት ሁሉ በቅጹ ባዶ ነው። ውስጡ ሰው ይሁን፣ ፒያኖ ይሁን፣ ስድስት ሺህ መጽሐፍ ይሁን፣ አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት "ባዶ" የሚል ቃል አፍ ላይ አይወጣም። ማሰሮው ውስጥ ቡና ካለቀ "አልተመደበለትም" ነው የምንለው። የሚስተር ፉዌንቴስ አናትም ራሰ በራ አይባልም፣ ፀጉር ያልተመደበለት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ ቀልዱ የዶኛ ኦፌሊያ ነው።

ስንስቅ ስንስቅ ግን የሆነው ሆነ። ኮሪደሩ መሃል ላይ ቢጫ መስመር ተለጠፈ። የኛ ነጭ ሸሚዝ ወዲህ፣ የነሱ አረንጓዴ ሸሚዝ ወዲያ። እነሱ በስድስት ሰዓት እንዲበሉ የኛ ልጆች ከጠዋቱ አራት ተኩል ላይ ምሳ በሉ። በር ላይ መኪና የሚያቆሙ እናቶች ክላክስ እየነፉ ተሰዳደቡ። በመንገዱ ወዲያና ወዲህ የሚኖሩ አበልጆች ሰላምታ ተነፋፈጉ። በዚህ አዳራሽ በተደረገው ስብሰባ የኛዋ ዶኛ ቼላ ተነሥተው፣ "የልጆቻችንን ቤት ቀምታችሁ በምን ዓይናችሁ ታዩናላችሁ?" ሲሉ ትዝ ይለኛል። ያኔ የዶኛ ኦፌሊያ ልጅ ማሪሴላ ቆመች። "ልጄ ሠላሳ አራት ልጅ ባለበት ክፍል ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ አልቻለችም። እናቴ እዚሁ እየሠራች ነው ይሄ የሆነው። ወደ ሌላው ብወስዳት ሌባ ነኝ?" አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ስለዚህም ነው ነገሩ እስከ ዛሬ ያልበረደው።

አሥራ አራት ቁጥር ክፍል፣ ማለት ቤተ መጻሕፍቱ፣ በዚያው ክረምት ሄደ። የትምህርት ቢሮው ሰውዬ ሲመጣ ቁልፉን ያስረከቡት ዶኛ ኦፌሊያ ነበሩ። በዚያው ሰሞን የልጅ ልጃቸው ያሬትሲ አረንጓዴ ሸሚዝ ለበሰች። ሰፈሩ ሁለቱን ገጣጠማቸው። "ሴትዮዋ ለልጅ ልጇ ስትል ቤተ መጻሕፍቱን ሸጠች" ተባለ። በወፍጮ ቤቱ ተባለ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተባለ። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥም ያሉ አሉ። ያላሉት ደግሞ ሲባል ዝም ብለው ሰምተዋል።

እሳቸው ምን አደረጉ? ከስድስቱ ሺህ ሁለት መቶውን መርጠው የምግብ ጋሪ ላይ ጫኑ። ጋሪውን የት አቆሙት? ልክ ቢጫው መስመር ላይ። ሁለት ጎማ የኛ፣ ሁለት ጎማ የነሱ። የዚያን ጊዜው የነሱ ኃላፊ "ሴኞራ፣ ጋሪው ድንበር አልፏል" ሲላቸው፣ "የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ ወዲህ ነኝ። እጄ ነው የሚረዝመው" አሉት። ሰባት ዓመት በዚያ መስመር ላይ ቆመው ነጭ ሸሚዝም አረንጓዴ ሸሚዝም አበደሩ። ሰባት ዓመት፣ በስልሳ ዓመታቸው፣ ያለ ወንበር።

ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ደግሞ የዚህ ትምህርት ቤት ሴቶች በዶኛ ቼላ ጋራዥ ተሰብስበን ታማሌ እንጠቀልላለን። አንዷ ሊጥ ትቀባለች፣ አንዷ ሥጋ ትጨምራለች፣ አንዷ የበቆሎ ቅጠሉን ታጥፋለች፣ ወሬው ከሥጋው ይበልጣል። ሰባት ታኅሣሥ ዶኛ ኦፌሊያ አልተጠሩም። እኔ ተጠርቻለሁ። ሄጃለሁም። ዛሬ እዚህ የበላችሁትን ታማሌ ማን እንደሠራው ታውቃላችሁ? እሳቸው ናቸው፣ ብቻቸውን። መቶ ሃያውን። ለራሳቸው ሽኝት።

እንግዲህ ሁለተኛው ስህተቴ።

ቤተ መጻሕፍቱ ከመሄዱ በፊት በነበረው ኅዳር ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። የክፍል ቁጥር፣ የተመዘገቡ ተማሪዎች ብዛት። አሥራ አራት ቁጥር ላይ ስደርስ ስልክ እየጮኸ፣ አንድ ልጅ አፍንጫው እየደማ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ማንም በቋሚነት አይመዘገብበትም አልኩና ዜሮ ጻፍኩ። በሳምንት አሥራ አንድ ክፍል የሚገባበትን ቤት ዜሮ አልኩት። ሌላ ትምህርት ቤት ያሉ ጓደኞቼ ብልህ ነበሩ፣ የአምስተኛ ክፍልን ስም ቤተ መጻሕፍቱ ላይ ጽፈው አለፉ። እኔ እውነት የጻፍኩ መሰለኝ። የያኔው ርዕሰ መምህር ሳያነቡ ፈረሙ፣ በዓመቱ ተዛወሩ። እኔ ቀረሁ።

ዶኛ ኦፌሊያ አልሸጡም። ቤተ መጻሕፍቱን ያስወሰደው የኔ ዜሮ ነው። ይሄንን ሰባት ዓመት አውቄ፣ ስማቸው ሲነሣ አቀርቅሬ ወረቀት አገላብጥ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ዕቃ ቤት ውስጥ ካርዶቻቸውን ስንሰበስብ አልቻልኩም። "ዶኛ ኦፌሊያ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ" አልኩ።

"ስለ ዜሮዋ ነው?" አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

"በምን አወቁ?"

"ሰውዬው ቁልፍ ሊቀበለኝ ሲመጣ ቅጹን አሳይቶኛል። የአንቺን ዜሮ የትም ባያት አልስታትም። ጭራ አላት።"

እውነት ነው። ስቸኩል ዜሮዬ አትገጥምም፣ ወደ ታች ትንጠለጠላለች።

"ታዲያ ያን ሁሉ ሲሉዎት ለምን ዝም አሉ?"

"ያኔ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነበር?"

"ሁለት።"

"ባልሽስ?"

"ጥሎኝ ሄዷል።"

"እንግዲህ" አሉኝ። "እኔን ሰው ቢያኮርፈኝ መጽሐፍ አለኝ። አንቺን ቢያባርሩሽ ልጅሽ ምን ትበላለች? ደግሞስ ስልኩን ማን ያነሣል?" ከዚያ ካርዶቹን በላስቲክ አሰሩና፣ "ለማንም እንዳትናገሪ፣ አደራ። አልፏል" አሉኝ። እሺ አልኩ።

ዶኛ ኦፌሊያ፣ ሃያ አራት ዓመት ያሉኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። ይሄኛውን አደራ ግን በላሁት። አላለፈም። ለእርስዎ አልፎ ይሆናል፣ እኔ ግን በየታኅሣሡ በዚያ ጋራዥ ቅጠል ሳጥፍ ጎኔ ያለው ቦታዎ ይታየኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ አልልም፣ እርስዎማ ሳልጠይቅዎ ይቅር ብለውኝ ኖረዋል። ይቅርታ የምጠይቀው እነዚህ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ ነው፣ የተባለው ነገር በሰው ፊት ስለተባለ።

ዶኛ ቼላ፣ እርስዎ ጥፋት የለብዎትም፣ የሚያውቁትን ነው ያሉት። ምን ሆኑ? ወንበር ስጧቸው እባካችሁ። አይ፣ እዚያ አይደለም፣ እሳቸው አጠገብ። አዎ፣ እዚያ።

ቆይ፣ ውኃ ልጠጣ።

ዶኛ ኦፌሊያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቅማሉም፣ ስለ ቃሪያውም። ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላት በዚያ ጋሪ ጎን ቆማ ማንበብ ስላስተማሯት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በየምሽቱ የምታነብልኝ እሷ ናት፣ እኔ ዓይኔ ደክሟል። ያሬትሲንም አስተምረዋታል። ማሪሴላ፣ አረንጓዴው ሸሚዝ ብቻውን አይደለም ያስነበባት፣ ይሄን ታውቂዋለሽ። ስሙን ሰጥቶ የሌላውን እንጀራ የጠበቀ ሰው በዕድሜዬ ሌላ አላየሁም።

ሚስ ካሪና፣ አየሁሽ። አስር ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። አዳራሹ የናንተ ነው፣ ሕግ ሕግ ነው። ግን ከኋላሽ ያሉትንም ይዘሽ ግቢና ብርጭቆ ያዙ። ጋሪው ላይ ያልተበደረ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ካለ ውጭ ይቆይ። ይኸው፣ ማንም ውጭ አልቀረም።

አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ። ሰባት ዓመት "ባዶ" የሚለውን ቃል አፋችን ላይ አላመጣንም። ከሰኞ ጀምሮ ግን መስመሩ ላይ ጋሪ አይቆምም። በእሳቸው ቦታ ሰው እንደማይቀጠር ትምህርት ቢሮው ማክሰኞ ነግሮናል። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ከወዲህም ከወዲያም መጥተው መስመሩን ያዩታል፣ ከዚያ እኔን ይጠይቁኛል። ያልተመደበለት ነው አልላቸውም። ባዶ ነው እላቸዋለሁ። አሁን ገና ቃሉ ልክ ቦታው ላይ ዋለ።

ብርጭቆአችሁን አንሡ። ሚስተር ፉዌንቴስ፣ አይደንግጡ፣ ከርከዴ ነው። ዶኛ ኦፌሊያ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ዓይንዎን አይያዝብዎ፣ አፍንጫዎም አይድከምብዎ፣ የልጅ ልጆችዎን መጽሐፍ ገና ያሸቱበታል። ታኅሣሥ ሲመጣ በዶኛ ቼላ ጋራዥ ሊጥ የሚቀቡት እርስዎ ነዎት፣ ቅጠል የማጥፈው እኔ ነኝ፣ ቦታዎ ጎኔ ነው።

ለጤናዎ፣ ዶኛ ኦፌሊያ። ወንበሮቹን ይተዉዋቸው፣ ዛሬ እኛ እናነሣቸዋለን።